ውሃ የምትጠጣው መኪና

ባለፈው ሳምንት በወርክሾፕ ክፍለ ጊዜ መምህርታችን ሲፈን የማስተማሪያውን ሞተር የራዲያተር ክዳን ሲከፍቱ፣ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ለማየት አንገታቸውን አስግገው ቀረቡ። እኔ ግን ወደ ኋላ ዘልዬ ከመፍቻ ሳጥኑ ጋር ተጋጨሁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ማንም አላስነሣውም። ሊጎዳኝ የሚችል አንዳች ነገር አልነበረም። "ጋሼ ደመቀ፣ ከውስጡ ነብር ወጣ እንዴ?" አለ አንዱ ልጅ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ለራሴም የሌላ ሰው ሳቅ መሰለኝ። አረንጓዴው የራዲያተር ፈሳሽ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ወደ ኋላ የዘለልኩት ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንደ ገባ ነው። መምህርታችን ልጆቹን ከሸኙ በኋላ "ጋሼ፣ ደህና ነዎት? የሆነ ነገር አስታወሰዎት?" ብለው ጠየቁኝ። "ፈቃድዎ ከሆነ ጽፌ ላምጣ" አልኳቸው። ይኸው ጽፌያለሁ፤ የተቻለኝን ያህል በጥንቃቄ።

እኔ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ አንደኛ ዓመት የተመዘገብኩ ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬን መኪና ስነዳ ኖሬያለሁ፤ ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከያዮ እስከ በደሌ፤ ወደ ኖፓና ወደ ዳሪሙ ደግሞ መንገዱ ለሰው እግር እንጂ ለጎማ ባልተሠራበት ጊዜ ጭምር። አሁን ዓይኔ ለሩቅ መንገድ ስለደከመ፣ ዕድሜ ልኬን ሲበላሽብኝ የኖረውን ነገር ከመጽሐፍ ልማረው ብዬ ገባሁ። ስለ ሞተር ማቀዝቀዣ ስንማር ሌሎቹ ሥዕሉን ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። እኔ ግን ቀስቱ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ተመልሶ ወደ ራዲያተሩ ሲዞር እያየሁ፣ "አሁን የት ጋ ነው የሚጠፋው?" እላለሁ በልቤ። በሥዕሉ ላይ ውሃው አይጠፋም። ዞሮ ይመለሳል።

ዘመኑን በቁጥር ለመጻፍ አልሞክርም፤ እሳሳታለሁ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። በመቱ ዋና መንገድ የመሥሪያ ቤቱም የሱቁም ታፔላ በቁቤ እንደገና ይጻፍ ስለነበር፣ የከተማው ቀለም ቀቢ ከመሰላሉ የሚወርደው ለምሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ባጃጅ የሚጋፋበት አስፋልት ያን ጊዜ ቀይ ፒስታ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ መቱ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይመታበት ሰሞን ጥቂት ነው። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ዛሬ ባለ ፎቅ በቆመበት ጥግ፣ የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት ነበረች። ሃምሳ ሳንቲም ገና ሽልንግ በምትባልበት ጊዜ በአንድ ሽልንግ ሻይም ፓስቲም ይገኝባት ነበር። ሹፌር የሚታወቀው በቆዳ ጃኬቱ ነው። የእኔን ከጅማ ሰልባጅ ተራ ገዝቼው እጅጌው ስለረዘመብኝ ወደ ውስጥ አጥፌ እለብሰው ነበር፤ ሰው ግን "ደመቀ አማረበት" ይለኝ ነበር፣ ወይም እንደዚያ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ካሴት ነበረኝ፣ አንዱ የኦሮምኛ አንዱ የአማርኛ። ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ ጠቅልዬ እመልሰዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዘፋኙ ከመካከል አንዲት ቃል እየዋጠ ይዘፍናል። እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን የትም ስሰማው የተዋጠችው ቃል ስትመጣ እደነግጣለሁ።

መኪና መንዳት ያስተማሩኝ ጋሼ መርጊያ የሚባሉ፣ የእትዬ አስካለ ባል ነበሩ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ካኪ ጋዋን ይለብሳሉ፤ በላይ ኪሳቸው ካቻቢቴ እንደ እስክሪብቶ ሰክተው ይሄዳሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት ነጭ የናፍጣ ፒክአፕ ያሽከረክሩ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። እኔ ያን ጊዜ የዚያው ቤት ተላላኪ ነበርኩ፤ ጋሼ መርጊያ በትርፍ ሰዓታቸው ፒክአፗን እየሰጡ ያለማምዱኝ ነበር። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት እንደ ጸሎት ያስደግሙኛል።

"ዘይት?"

"አየሁ ጋሼ።"

"ውሃ?"

"አየሁ።"

"ቺንጋ?"

"አየሁ።"

"ቺንጋውን አላየህም። ዋሸህ። ውረድ።"

ወርጄ የፋኑን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ተጭኜ እመለሳለሁ። እሳቸው እስኪስቁ ድረስ አልገባም። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሳቸው ቁጣ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ያቺ ፒክአፕ በገባ ወንዝ ዳገት ላይ ተቃጠለች። የገባን ሸለቆ የማያውቅ ሰው ካለ፣ መንገዱ ከያዮ ጫካ እየተጠማዘዘ እስከ ድልድዩ ይወርድና ከወንዙ ማዶ እንደገና ወደ ሰማይ ይወጣል ብዬ ባስረዳ ይበቃል። እዚያ ዳገት ላይ ውሃ ያነሰው ሞተር ይቅርታ የለውም። የሞተሩ ራስ፣ መካኒኮች ቴስታ የሚሉት፣ ተጣመመ፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበላ። ፒክአፗ በከባድ መኪና ተጎትታ መቱ ገባች፤ ጋሼ መርጊያም ጣቢያ ገቡ። "ውሃ ሳይሞላ፣ ጠጥቶ ነድቶ፣ የመንግሥት ንብረት አቃጠለ" ተባለ። ጋሼ መርጊያ እሑድ እሑድ ጠጅ ይወዱ ነበር። ያ ቀን ግን ማክሰኞ ነበር። የእሑዱን ሁሉም ያውቅ ስለነበር ክሱ ለሰው ጆሮ ቀለለ፤ የማክሰኞውን ማንም አልጠየቀም።

ከእትዬ አስካለ ጋር ምሳ ስናደርስላቸው በአጥሩ ሽቦ መካከል አነጋገሩን። ጋዋናቸውን አስወልቀዋቸዋል። ያለ ጋዋን የማላውቃቸው ሰው መሰሉኝ። "ጠዋት ሞልቼ ነው የወጣሁት" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ አስካለ። "በየቀኑ ነው የምሞላው። መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች። የት እንደምታደርሰው አላውቅም።"

"ለእነሱ ንገራቸዋ!" አሉ እትዬ አስካለ።

"ነገርኳቸው። ከሥሯ ጠብታ አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። ሳቁ።"

መኪናዋ ጅማ ተልካ ቴስታው ተስተካክሎ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶላት ተመለሰች። አሁን ሳስበው የተቃጠለውን ጠገኑ፤ ያቃጠለውን ግን የፈለገ ሰው አልነበረም። ኃላፊያችን አቶ አያና ቢሯቸው ጠርተው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። አቶ አያና በፀሐይም በዝናብም ጃንጥላና ከረባት የማይለያቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ዝቅ ባለ ቁጥር ይበልጥ እፈራቸዋለሁ።

"መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?"

"አለኝ ጌታዬ።"

"መርጊያ የት እንዳለ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

"ጎሽ። እንግዲህ ሁለተኛ አልናገርም።"

ሹፌር ለመሆን ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁልፉን ግን እንደ ጋለ ብረት በሁለት ጣቴ ነው ያነሣሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ውሃው ጎድሎ አገኘሁት። ሞላሁት። በማግስቱም ጎደለ። ከሥሯ ደረቅ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኩ፤ ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ አደረ። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አየሁ፤ ውሃ ዘይት ውስጥ ቢገባ ዘይቱ እንደ ወተት ሻይ ይነጣል፤ ንጹሕ ጥቁር ነበር። ከኋላ ሄጄ ጭሱን አየሁ፤ ነጭ እንፋሎት አልነበረውም። የሹፌሩንና የተሳፋሪውን ምንጣፍ ገልጬ ወለሉን በመዳፌ ዳበስኩ፤ እርጥበት የለም። የራዲያተሩን ማኒኮቶዎች፣ ማለትም ወፋፍራሞቹን የጎማ ቱቦዎች፣ አንድ በአንድ ጨመቅሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ ነው። ኮፈን ከፍቼ ሳጎነብስ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ብቅ ካለ መስተዋት የምወለውል መስዬ ጨርቅ አነሣለሁ። ምክንያቱም ውሃ ይጎድላል ብዬ ብናገር የጋሼ መርጊያን ቃል መድገሜ ነው፤ ያንን ቃል የተናገረ ሰው የት እንዳለ ደግሞ አውቃለሁ። ዝም ብልስ? ዝም ብል አንድ ቀን በገባ ዳገት ላይ ትቃጠልና ያው ነው። መምህርታችን ባለፈው ክፍለ ጊዜ የራዲያተር ግፊት መፈተሻ መሣሪያ አሳዩን፤ እንደ ብስክሌት ፓምፕ ያለ ነገር ነው፤ ክዳኑ ላይ ይገጠማል፣ አየር ይሞላል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ከተደበቀበት ይወጣል። ልጆቹ ተራ በተራ ሞከሩት። እኔ ተራዬ ሲደርስ በእጄ ይዤ እያገላበጥኩ አየሁት። ይህን የሚያህል ነገር ነው ያን ጊዜ ያጣነው።

ከዚያ አቶ አያና ለሥራ ያዮ እንሄዳለን አሉ። ከመቱ ስንወጣ ያካፋ ነበር። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከወንበሩ ኋላ ደብቄ ጭኛለሁ። ሁሩሙ ሳንደርስ አንዱን ጨረስኩ፤ "ጎማ ልይ ጌታዬ" ብዬ ወርጄ ነው የሞላሁት። ሁሩሙን አልፈን ደግሞ ሁለተኛውን። ጫካው ሲጀምር የሙቀት መለኪያዋ መርፌ እንደገና መውጣት ጀመረች። እኔ መንገዱን መመልከት ትቼ መርፌዋን ነው የማየው። ቀይዋን መስመር ስትነካ አንድ ቤት አጠገብ ዳር ይዤ አጠፋሁ።

"ምን ሆነች?" አሉ አቶ አያና።

"ዳገቱ ነው ጌታዬ፣ ትንሽ ትንፈስ።"

"ትንፈስ? ሰው ናት?"

ጃኬቴን አውልቄ በክዳኑ ላይ ጣልኩት። ክዳኑን ሩብ ዙር ሳዞረው ፉጨቱ ጀመረ። ያን ፉጨት የማያውቅ ሰው እባብ ሰማሁ ይላል። እጄን አነሣሁ፤ ጠበቅሁ፤ እንደገና ትንሽ አዞርኩ። አቶ አያና ሰዓታቸውን ያያሉ። ጀሪካኑን ይዤ ወደ ቤቱ ሮጥኩ።

እዚህ ላይ የሹፌሮችን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ለመኪና ውሃ ስጡኝ ብለህ ደጅ ብትቆም "ወንዙ እታች ነው" ብለው በአገጫቸው ያሳዩሃል። ውሃውን ሴቶች ከሩቅ ተሸክመው ነው የሚያመጡት፤ ለብረት አያባክኑትም፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሹፌር ሁሉ "ውሃ ጠማን" ነው የሚለው። እኔም እንደዚያ አልኩ። የቤቱ እመቤት አዴ ጫልቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሰዎች ለደቦ ተሰብስበው ነበር፣ ጨዋታና ሳቅ ይሰማል። "ስንት ናችሁ?" አሉኝ በኦሮምኛ።

"ብዙ ነን" አልኩ፤ ጀሪካኑ እንዲሞላልኝ ነው።

ጀሪካኑን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሞልተው በሁለት እጃቸው አቅርበው ሰጡኝ። "ዱጊ፣ ኢልማ ኮ" አሉ፤ ጠጣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሳልቀምስ አመስግኜ ሮጥኩ። አዴ ጫልቱ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ የተጠማ እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ ሳይጠጣ ሮጠ ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

እንፋሎቱ ፊቴን እየሸፈነው፣ ዝናቡ አንገቴ ውስጥ እየገባ ቀዳሁት። ክዳኑን ከዘጋሁ በኋላ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። አንዱን ላስሁት። ማር ነው። አሮጊቷ በአገሩ ወግ ለተጠማ እንግዳ ባዶ ውሃ መስጠት ነውር ስለሆነባቸው ለደቦው የተበጠበጠውን ብርዝ ነው የሞሉልኝ። የመንግሥት መኪና ራዲያተር ውስጥ አንድ ጀሪካን ብርዝ ጨምሬ ቆምኩ። መልሼ ላውጣው ብል ሌላ ውሃ የለኝም። ገብቼ አስነሣኋት። መርፌዋ ወረደች።

ጥቂት እንደሄድን ሽታው መጣ። ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ፣ እንደ ተቃጠለ ስኳር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አቶ አያና አፍንጫቸውን አንሥተው።

"ምኑ ጌታዬ?"

"ጠጅ ጠጅ ይላል።" ዞረው አዩኝ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እስቲ ወደዚህ ዙር። እፍ በል።"

"ጌታዬ እኔ—"

"እፍ በል አልኩህ!"

መሪውን እንደያዝኩ እፍ አልኩባቸው። ጠዋት በሽሮ ነበር የበላሁት። ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን አላመኑኝም። ያዮ እስክንገባ ድረስ በየጊዜው ወደ እኔ ዘንበል እያሉ ያሸቱኝ ነበር። መንዳት ሳይሆን መሸሽ ነው የመሰለኝ፤ የምሸሸው ነገር ግን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ያዮ አንድ ማደሪያ ቤት አደርን፤ እኔ አልተኛሁም። ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። አቶ አያና ሳይነሡ ውሃውን ልሙላ ብዬ ስወጣ የግቢው ዘበኛ ኦቦ ጉተማ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ይሮጣሉ። "ካኒሳ! ካኒሳ!" ይላሉ። "ልጄ፣ አትቅረብ፤ ንብ ነው! መኪናህ ቀፎ ሆናለች!"

ንቦቹ በፍርግርጉ ይገባሉ፣ ከሥር ይወጣሉ። የመጀመሪያ ሐሳቤ መኪናዋን ትቼ በእግሬ ወደ እናቴ ቤት መሄድ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ አቶ አያና ይህን ሳያዩ ንቡን ማባረር ነው። ኦቦ ጉተማ ጭራሮ አጭሰው ሰጡኝ። ጋቢያቸውን ተከናንቤ ኮፈኑን አነሣሁ።

ራዲያተሩ ላይ ጥቂት ንቦች ብቻ ነበሩ። ቱቦዎቹ ላይ ምንም። እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ያረፉት ከሞተሩ በስተኋላ ነው፣ ሞተሩ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት፣ እጅ በማይገባበት፣ ዓይንም በማያይበት ጥግ። "ንብ በከንቱ አይሰበሰብም" አሉ ኦቦ ጉተማ ከሩቅ። ጭሱን አስጠጋሁ። ትንሽ ሲገለጡ አየሁ። በቴስታው ጀርባ አንዲት የሳንቲም ስፋት ያላት ክብ የብረት ድፍን አለች፤ ፋብሪካ ቀዳዳ ለመዝጋት የሚመታት። ጠርዟን ዝገት በልቶታል። ከእሷ ሥር እስከ ጭስ ማውጫው ቱቦ ድረስ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ቀለጠ ከረሜላ ያለ መስመር ወርዷል። ውሃው ሞተሩ ሲግል ብቻ በዚያች ይረጫል፣ የጋለው ቱቦ ላይ ይወድቃል፣ እዚያው ይተናል። መሬት አይደርስም። ውሃ ምልክት አይተውም፤ ማር ግን ይተዋል።

ጋሼ መርጊያ እውነታቸውን ነበር።

ደስታ የተሰማኝ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ወዲያው ፍርሃቱ በእጥፍ ተመለሰ። ባሳይ፣ ውሃ እንደሚጎድል እያወቅሁ መደበቄ ይወጣል፤ ብርዙም ይወጣል። ባላሳይ፣ መቱ ገብቼ በጓደኛ በኩል በስታኞ አስበይጄ ማንም ሳያውቅ መንዳት እችላለሁ፤ ጋሼ መርጊያ ግን በሽቦው ማዶ ይቀራሉ። ይህን እያሰብኩ ሳለ አቶ አያና ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው፣ መፋቂያ በአፋቸው ይዘው ብቅ አሉ።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?"

"ጌታዬ፣ ይምጡና ይዩ።"

"ንቡን?"

"ንቡ ያረፈበትን።"

ራቅ ብለው ቆሙ። ጭሱን ይዤ አሳየኋቸው። "ማር እዚያ ምን ያደርጋል?" አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን፣ ጀሪካኖቹን፣ አሮጊቷን።

"ብርዝ? የመንግሥት ሞተር ውስጥ ብርዝ?"

"ሳላውቅ ነው ጌታዬ። ውሃው መጥፋት የጀመረው ግን ከእኔ በፊት ነው። ጋሼ መርጊያ የት እንደሚሄድ አላውቅም ያሉት ውሃ በዚህች ነው የሚሄደው። ጅማም ሲሠሯት ይቺን አልነኳትም።"

መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ንቦቹን፣ ኦቦ ጉተማን፣ እኔን አዩ። ድምፃቸው እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው ዝቅታ ወረደ።

"ኮፈኑን ዝጋው።"

"ጌታዬ—"

"ዝጋው። መቱ ገብተን በጸጥታ ይጠገናል። አንተ ብርዝህን ትረሳለህ፤ እኔም እረሳልሃለሁ። ሥራህን ትሠራለህ።"

"ጋሼ መርጊያስ?"

"ደመቀ" አሉኝ፤ በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። "ጠጥቶ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ገባህ?"

ያን ጊዜ አየሁት። እሳቸውም ይፈሩ ነበር። ከእኔ ባላነሰ፣ ምናልባትም ከእኔ በበለጠ። ይህ ሊያጽናናኝ ሲገባ ይበልጥ አስፈራኝ፤ የሚፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከራሴ አውቃለሁና። እጄ ኮፈኑ ላይ ነው። ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረኝ። "አልዘጋም ጌታዬ" አልኩ። "ካስፈለገ እኔንም ከእሳቸው ጋር ይሰሩኝ። እኔ አልዘጋም።"

ኦቦ ጉተማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔም አይቻለሁ ጌቶች" አሉ።

አቶ አያና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ለረጅም ጊዜ አልወጡም። ንቦቹ ሲበተኑ ውሃ ሞላሁ፤ ጀሪካኖቼንም ሞላሁ። ሲወጡ ከረባታቸውን አስረዋል። ከያዮ እስከ መቱ ውሃ ለመሙላት ስቆም ሰዓታቸውን አላዩም። ወደ ጋራዡ ልታጠፍ ስል "ቀጥ በል" አሉኝ። "ጣቢያው በር ላይ አቁም። ኮፈኑን ክፈት።" ይዘውኝ ሊያስገቡኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ገብተው ከአዛዡ ጋር ተመልሰው ወጡ። ቡናማው መስመር ላይ የደረቁ ንቦች ተጣብቀው ነበር። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም፤ ከጎማው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር።

ጥገናው የፈራሁትን ያህል አልከበደም። መካኒኩ የዛገችውን ድፍን በመዶሻና በካቻቢቴ ገልብጦ አወጣት፤ በጥፍሩ ሲነካት ተሰበረች። በልኳ ሌላ ከጅማ በአውቶቡስ ተላከችለት፤ ማጣበቂያ ቀብቶ ቀስ እያለ መትቶ አስገባት። የከበደው ብርዙ ነበር። ራዲያተሩ ወርዶ በሙቅ ውሃ ታጠበ፤ ሞተሩ ውስጥ ውሃ እየሞላን እያስነሣን አፈሰስን፤ ቡናማ ወጣ፣ ቢጫ ወጣ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ወጣ። የጋራዡ ሰዎች ለብዙ ጊዜ "ደመቀ፣ ዛሬ ናፍጣ ነው ጠጅ የምንቀዳላት?" እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖሩ። ቀስ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ አልሳቅሁም፤ "አሁንስ አትጎድልም?" ብዬ። አልጎደለችም። በማግስቱም አልጎደለችም።

ጋሼ መርጊያ ተፈቱ። እትዬ አስካለ ጋዋናቸውን አጥበው ተኩሰው አለበሷቸው። መሥሪያ ቤቱም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ጠራቸው፤ እኔ ወደ ተላላኪነቴ ልመለስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ቁልፉን ራሴ ሰጠኋቸው። "ና፣ አብረን እንሞክራት" አሉኝ። ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ ወጣን። የመጀመሪያዋ ትንሽ አቀበት ላይ ዳር ይዘው አቆሙ፤ ወረዱ፤ ኮፈኑን ከፈቱ፤ አዩ። ደህና ናት። ሄድን። ቀጥላ ባለችው አቀበት ላይም ቆሙ። አቀበት በሌለበትም ቆሙ። መርፌዋ ከመካከል ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍተው ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መስተዋቱ ላይ ካፊያው ይሰማል።

"ስትነዳት ትፈራ ነበር?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ ጋሼ።"

"ታዲያ እንዴት ነዳሃት?"

"እየፈራሁ።"

ቁልፉን ነኩት፤ አላዞሩትም። ከዚያ በሩን ከፈቱ። "እኔ አልችልም" አሉ፤ ቁልፉን እዚያው ሰክተው ትተውት ወረዱ። ወደ መቱ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። መሪውን ይዤ አዞርኳት። በአንደኛ ማርሽ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ከጎናቸው እየተንፏቀቅሁ ለመንኳቸው። ጋዋናቸው ትከሻቸው ላይ ረጥቧል። "ይግቡ ጋሼ፣ ዝናብ ነው። እኔ ልንዳ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ። እባክዎ ይግቡ።"

ሳይዞሩ በእጃቸው ወደ ፊት ሂድ አሉኝ።

"በአንደኛ ማርሽ ብዙ አታስኪዳት" አሉ። "ትሞቃለች።"